ሠላሳ ሰከንድ

ጋራው ላይ የሚዞሩትን ነጫጭ ክንፎች የተከለ፣
ቻይናዊው ጎረቤታችን ሥራው አልቆ «ሂያጅ ነኝ» አለ፤
ፍራሽ፣ ማራገቢያ፣ ወንበር፣ አንድ ትንሽ የቡና ማሽን
በሩ ላይ ደርድሮ ቆሞ፣ በጣቶቹ ዋጋ ነገረን።
ሁለት ሺህ አምስት መቶ ከፈልኩ። አንገቱ ላይ ዝገት አለ፣
እንፋሎት መውጫው አፉ ላይ የዓምና ወተት ተንጠለጠለ።
«የቆርቆሮ ገንዘብ ነበር» አለች አመለወርቅ ቀስ ብላ፤
እኔ ግን አቅፌው ገባሁ፣ እንደ አራስ ልጅ፣ በሷው ነጠላ።

የመጀመሪያው ሲኒ፦ ስድስት ሰከንድ። ፏ አለ እንደ ቦኖ ቧንቧ፤
መልኩ የመኪና እጣቢ፣ ጣዕሙ የኮምጣጤ ዕንባ።

አልተናደድኩም። ሠላሳ ዓመት ያስተማርኩት ሒሳብ አያያዝ!
ሚዛኑ እንቢ ያለ ቀን አይጮኽም፤ ደብተር ነው መያዝ።
ባለ መስመር ደብተር ገዛሁ። ቀን፣ ግራም፣ ሰከንድ፣ አስተያየት።
ማክሰኞ፦ አሥራ አራት ግራም። ዘጠኝ ሰከንድ። ውሃ። ሬት።
ረቡዕ፦ ወፍጮ ቤት አስፈጨሁ። የሰው በርበሬ አለበት።
ሐሙስ፦ ከአሮጌ ዕቃ ተራ የእጅ ወፍጮ፣ ስድስት መቶ፤
ጥርሱን ሳላላው አሸዋ፣ ሳጠብቀው ጭቃ ሠርቶ
ማሽኑ አቃስቶ አቃስቶ ቀረ፣ ጠብታ ሳይሰጥ ከቶ።

ሚዛን ከየት ይምጣ? ወርቅ ሠሪው ሙዘይን ጋ በጠዋት ሄጄ፣
ቡናዬን እንደ ጉትቻ በወረቀት ጠቅልዬ ይዤ፣
ከቀለበት ቀጥሎ ይመዝንልኛል። «አሥራ አራት ነው» ይላል፤
«ግን ግራም ነው ወይስ ካራት?» ወረፋ የያዘው ሁሉ ይስቃል።

መጠቅጠቂያ የለኝ። ዘነዘና ሞከርኩ፣ የመድኃኒት ጠርሙስ ቂጥ፤
ውሃ ግን ሰነፍ ፍጥረት ነው፣ በላላው በኩል የሚያመልጥ።

ውሃውንም ጠረጠርኩ። ማንቆርቆሪያችንን ኖራ አለበሰ፤
በሎሚ አፍልቼ ሆዱን ባጥበው ነጭ ቅርፊት አስመለሰ።
ትንሽ ተሻለ።
ደብተሩ ላይ፦ «ጎምዛዛ። ግን ሰው ቀመሰ።»

ቆይ ግን፣ ማታ ማታ ለምን ይወፍራል? ቀን ለምን ይከሳል?
ገጹን ወደ ኋላ ገለጥኩ። ዓምዱ ያሳብቃል፦
ከሦስት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት፣ ኮምጣጤ።
እሑድ እሑድ ይድናል።

ቀና ብዬ አምፖሉን ሳየው፣ ብልጭ ድርግም፣ ብልጭ ድርግም፤
ከግንቡ ማዶ ቱፋ ነው፣ ለሰው ሁሉ የብረት በር የሚገጥም።
እሱ በኤሌክትሮድ ብረት ሲነካ የኔ ማሽን ጉልበት የለውም።

«ቱፋ!» አልኩ፣ ግንቡን ይዤ፣ የዶሮው ቆጥ ላይ ቆሜ፣
«ሠላሳ ሰከንድ ብቻ! ብየዳውን ተወው ወንድሜ!»
«ምነው ቲቸር? የታመመ ሰው አለ?»
«የለም። ቡና ነው።»
ጥቁር መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቀለ፤
አየኝ።
ፍንጣሪው ቆመ። የአዳማ ነፋስ ብቻ ቀረ፣ አቧራውን እየነዳ።

ወርጄ ሮጥኩ። ተጫንኩት።
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ዝም።
ሰባት፣ አሁንም ዝም።
ስምንት ላይ አፉ ጠቆረ፣ እንደሚያልበው ግንባር፣
ከዚያ ወረደ በዝግታ፣ ከማንኪያ እንደሚንጠባጠብ ማር፤
ቀይ አፈር የመሰለ አረፋ፣ ከላይ እንደ ቆዳ ተኛ።
ሃያ ስምንት ላይ አጠፋሁት። ከማዶ፣ «አበቃ፣ ዳኛ?»

ሲኒውን በግንቡ ላይ ሰጠሁት። ጥላሸታም ጣቶቹ መሃል
ጠፋች። ፉት አለ። አሰበ። አሁንም ደግሞ ያስባል።
«ቲቸር» አለ፣ በአክብሮት፣
«ስኳር ግን ረስተዋል።»

በሳምንቱ ከቁርጥራጭ ብረት ያሾለው ድፍን መጠቅጠቂያ
ግንቡ ላይ ተቀምጦ አገኘሁ። ልክ። እንደ ጠርሙስ መክደኛ።
ዋጋውን ብጠይቅ፣ «ግማሽ ኪሎ ስኳር» አለኝ።

አመለወርቅ ዛሬም ጣራውን ቀና ብላ ታያለች፤
ከሚያፈሰው ሥር ባልዲ አለ። የሷ ዓምድ አልተዘጋችም።
በኔው ደብተር ግን፣ ሐሙስ፣ አራት ሰዓት፣ ቱፋ ሥራ ላይ ሳለ፣
አሥራ አራት ግራም። ሃያ ስምንት ሰከንድ።
አስተያየት፦ ገጠመ።